ስለ ጥቁር ሂና እና ስለ እንሶስላ፦ ለሠርግ ሰሞን የተጻፈ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በቅርቡ በውበት አምዳችሁ ለሙሽሮች የወጣውን ምክር አነበብኩት። አብዛኛው ደህና ምክር ነው። እንቅልፍ አትጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ሠርጉ ሲቃረብ አዲስ ቅባት ፊታችሁ ላይ አትሞክሩ የሚለው ሁሉ እኔም ለደንበኞቼ የምለው ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ቆምኩ። ጊዜ ያጠራት ሙሽራ በአሥር ደቂቃ የሚይዝ ጥቁር ሂና ገበያ ላይ ታገኛለች ይላል። እባካችሁ ይህችን መስመር አርሙልን። በአሥር ደቂቃ ቆዳን የሚያጠቁር ሂና በምድር ላይ አይበቅልም። እንዲህ የሚያደርገው የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ነው፤ ቆዳ ላይ እንዲቀባ ደግሞ አልተሠራም።

ደሴ ውስጥ አነስተኛ ፋርማሲ አለኝ። ጥር ሲገባ፣ ከፋሲካ በኋላም ሠርጉ ሲደራ፣ ለዒድም ሰሞን፣ ከጉንፋንና ከጨጓራ መድኃኒት ፈላጊው መሀል እጃቸውን በነጠላ ወይም በሻርፕ የሸፈኑ ልጆች ይመጣሉ። ምን ሊያሳዩኝ እንደመጡ ገና ሳይገልጡት አውቀዋለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእነሱ ስል ነው።

ባለፈው ጥር የመጣችውን ልጅ ላንሳ። ከአክስቷ ጋር ነበረች። ሠርጉ ካለፈ ሳምንት አልፎታል፤ ሚዜ ነበረች። ነጠላውን ስታነሳው ጥቁሩ ቀለም ከላይ ለቋል፤ ሥዕሉ ግን አለ። ከመሀል ጣቷ ተነስቶ በእጇ ጀርባ ዞሮ ወደ ክንዷ የሚወጣው ሐረግ፣ ቅጠሎቹ፣ በየመሀሉ የተደረደሩት ነጠብጣቦች ሁሉ አብጠው ቀልተዋል። እያንዳንዷ ነጠብጣብ ውሃ ቋጥራለች። ከመስመሩ ውጭ ያለው ቆዳ ደህና ነው። የቀባችው ሴት እጅ የተንቀጠቀጠበት ቦታ ሳይቀር በእብጠት ተጽፎ ይታያል። ልጅቷ ሌሊቱን ስታክ ነው የምታድረው። አንድ ሰው የጥርስ ሳሙና ቀቢበት ብሏት እሱን ለድፋበታለች።

አክስቷ ተናደዋል። «ወላሂ ሂና ነው ብለው ነው የሸጡልን! ሂና ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሰው የሚያቃጥለው?» ይላሉ። ሂናው የታሸገበትን ጫፉ የሾለ መቀቢያ፣ ኮኑን፣ እንዲያመጡልኝ ለመንኳቸው። ከሰዓት በኋላ ይዘውት መጡ። ማሸጊያው ላይ አበባ አለ፣ የሙሽራ እጅ አለ፣ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ የምርቱ ስም አለ። ውስጡ ምን እንዳለ የሚናገር ግን አንድም ቃል የለበትም። የት እንደተሠራም፣ መቼ እንደሚበላሽም አልተጻፈም። ልጅቷን ወደ ቆዳ ሐኪም ላክኋት፤ ቁስሉ ዳነ። ከወራት በኋላ መንገድ ላይ ሳገኛት ግን ሐረጉ ከቆዳዋ ነጣ ብሎ አሁንም ይነበብ ነበር። የእኛን ዓይነት ጥቁርና ጠይም ቆዳ እንዲህ ያለ ቁስል ከዳነ በኋላም ለረጅም ጊዜ አንጥቶት ወይም አጥቁሮት ይቆያል።

የአክስቲቱ ጥያቄ ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ወሎ ውስጥ ሂና የቆየ ነገር ነው። እናቶቻችንና አያቶቻችን ተቀብተው ኖረዋል፤ እጃቸው አልቆሰለም። ታዲያ ምን መጣ?

ትክክለኛው ሂና የሚሠራው ከአንድ ቁጥቋጦ ቅጠል ነው። በቅጠሉ ውስጥ ላውሶን የሚባል ቀለም አለ። ቅጠሉ እርጥብ ሳለ ይህ ቀለም ከስኳር ጋር ታስሮ ነው የሚቀመጠው። ቅጠሉ ደርቆ፣ ልሞ፣ በውሃና በሎሚ ሲቦካ እስሩ ይፈታል፤ ቀለሙም ይወጣል። ሴቶች ከቀኑ አቡክተው የሚያሳድሩት ለዚህ ነው። ቆዳ ላይ ሲቀባ ላውሶኑ ወደ ላይኛው የሞተ ንብርብር ይገባና እዚያ ካለው ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። ጥፍርና ፀጉርም ከዚሁ ፕሮቲን ስለሆኑ ሂና እነሱንም ይይዛል። መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ይህ የሞተ ንብርብር ወፍራም ነው፤ ስለዚህ ቀለሙ እዚያ ይደምቃል። የእጅ ጀርባ ቆዳ ስስ ነውና ፈዘዝ ይላል።

ሊጡ ሲነሳ መጀመሪያ የሚታየው ብርቱካንማ ነው። የተላጠ ድንች አየር ሲነካው እንደሚጠቁረው፣ ይህም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ እየደመቀ ወደ ቡናማ ቀይ ይሄዳል። ዕውቀቱ ያላቸው ሴቶች ሙሽራዋን ከሠርጉ ሁለት ቀን ቀድመው የሚያስቀቧት በከንቱ አይደለም። ቀለሙ የሚደርስበትን ቀን አስልተው ነው። ከዚያ ቆዳው ራሱን እያደሰ ሲሄድ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ለቅቆ ይጠፋል። ቅጠሉ የሚሰጠው ይህንኑ ነው። ድቅድቅ ጥቁር አይሰጥም። ቶሎም አይሰጥም።

ዛሬ ግን ልጆቻችን በስልካቸው የሚያዩት እጅ ጥቁር ነው፤ ጥርት ያለ፣ በቀለም ብዕር የተሳለ የመሰለ። ሳሎኖቹም ደንበኛ ይጣደፍባቸዋል። ሊጥ ተቀብቶ ሌሊት ሙሉ የሚታደርበት ጊዜ የለም። በዚህ መሀል ፒፒዲ ገባ። ሙሉ ስሙ ፓራፌኒሊንዳያሚን ነው። ፀጉር ለማጥቆር የሚያገለግል፣ ከከሰል ሬንጅና ከነዳጅ ውጤቶች በፋብሪካ የሚሠራ ኬሚካል ነው። ጥቁር የፀጉር ቀለም የምትሸጡ ሰዎች ካርቶኑን ገልብጣችሁ ብታነቡት በአብዛኛው ታገኙታላችሁ። በአውሮፓ ሕግ የፀጉር ቀለም ተበጥብጦ ፀጉር ላይ ሲውል የፒፒዲው መጠን ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ቆዳ ላይ መቀባት ደግሞ ጨርሶ አይፈቀድም። አሜሪካ ውስጥም ተራው ሂና ሳይቀር ለፀጉር ብቻ እንጂ ለቆዳ አልተፈቀደም። በተለያዩ አገሮች ጥቁር ሂና ተብለው የሚሸጡ ኮኖች ሲመረመሩ ግን ከ10 በመቶ የሚያልፍ ፒፒዲ የተገኘባቸው አሉ።

የሚያሳዝነው የጉዳቱ አመጣጥ ነው። ፒፒዲን ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀባች ልጅ ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማትም። ሰውነቷ ግን ያውቀዋል፤ ይመዘግበዋል። ከሳምንት ወይም ከአሥር ቀን በኋላ ማሳከኩ ይነሳል። ቀድሞ የተመዘገበባት ከሆነች ደግሞ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ያብጣል። እናም ሰው «አምና ተቀብቼ ምንም አልሆንኩም» ሲለኝ እጨነቃለሁ። አምና ምንም ያልሆነችው ለዘንድሮው እየተዘጋጀች ሊሆን ይችላል። አንዴ ከተመዘገበ ደግሞ አይሰረዝም፤ ዕድሜ ልክ ነው። ይህች ልጅ አድጋ፣ ሽበት ወጥቶባት፣ ፀጉሯን በተራ የፀጉር ቀለም ስታጠቁር ፊቷ አብጦ ዓይኗ ሊሸፈን ይችላል። ቤንዞኬይን የሚባለውን ማደንዘዣ ሰውነቷ ላይቀበለው ይችላል። ለጥቁር ጨርቅ ማቅለሚያ ቆዳዋ ሊቆጣ ይችላል። ለአንድ ቀን ፎቶ ሲባል ይህን ሁሉ ማስከፈል ግፍ ነው።

ጎረቤታችን ሱዳን ይህን መከራ ከእኛ ቀድማ አይታዋለች። እዚያ ሴቶች ሂናው ቶሎ እንዲይዝና እንዲጠቁር ፒፒዲ ይቀላቅሉበት እንደነበር፣ ኬሚካሉን የዋጡ ሰዎችም ጉሮሯቸው አብጦና ኩላሊታቸው ተጎድቶ ሆስፒታል እንደገቡ ሐኪሞቿ ለብዙ ዓመታት ጽፈዋል። የእኛም ገበያ ከሱዳን፣ ከጅቡቲና ከዓረብ አገር የሚለይ አጥር የለውም። ጅዳና ዱባይ የሚሠሩ እህቶቻችን ለበዓል ሲልኩ ከሽቶው ጋር ኮኑንም አብረው ይልካሉ። በፍቅር ነው የሚልኩት። ስለዚህ ይህ ጋዜጣ እዚያም በስልክ የሚነበብ ከሆነ ቃሌ ለእነሱም ይድረስልኝ። ስትገዙ ማሸጊያውን አንብቡ። የተሠራበት ካልተጻፈበት አትላኩ።

እንዴት ይለያል ትሉኝ ይሆናል። ቤተ ሙከራ ሳያስፈልግ ብዙ መለየት ይቻላል። የእውነተኛ ሂና ሊጥ አረንጓዴ ወይም ወደ ቡናማ የሚያደላ ነው፤ ሽታውም የደረቀ ሣር ነው። ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። ሲነሳ ብርቱካንማ ነው። ተቦክቶ ያደረ ሊጥ ካልቀዘቀዘ ይበላሻል፤ ስለዚህ ሱቅ መደርደሪያ ላይ በሙቀት ወራት ተቀምጦ ከርሞ አሁንም በደቂቃ የሚይዝ ኮን ሌላ ነገር አለበት። ገና ከኮኑ ሲወጣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ የፀጉር ቀለም ወይም ቤንዚን የሚሸት፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጥቁር ትቶ የሚነሳ ከሆነ አትቀቡት። ቀቢዋን «ውስጡ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። መመለስ ካልቻለች እጅ መስጠት አያስፈልግም። ቀድማችሁ ተቀብታችሁ ማሳከክ ከጀመረ ወዲያው በብዙ ውሃና በሳሙና ታጠቡት፤ ቅቤም፣ የጥርስ ሳሙናም፣ ሎሚም አትጨምሩበት። ፋርማሲ ወይም ጤና ጣቢያ ሂዱ። ፊት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ፋርማሲ አትምጡ፤ በቀጥታ ሆስፒታል ሂዱ።

እስካሁን የተናገርኩት አትቀቡ የሚለውን ነው። ግን ሙሽራን ባዶ እጇን ሂጂ ማለት አልፈልግም። እጅ መቀባት ደስታ ነው፤ ሴቶች ተሰብስበው የሚያመሹበት፣ የሚዘፈንበት፣ የሚመረቅበት ሌሊት ነው። ይልቅ ከአጠገባችን ያለውን ልጠቁም። ሥሩ እጅና እግርን የሚያቀላ ተክል፣ እንሶስላ አለን።

አያቴ ከደሴ አቅራቢያ የኩታበር ሰው ነበረች። ከቤቷ ጀርባ፣ ውሃ ወርዶ በሚያርፍበት ጥላ ሥር እንሶስላ ነበራት። ክረምቱን ሙሉ ያድጋል፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ይኖራል። ግንዱ ውሃ የሞላበት ለስላሳ ነው፤ በጣት ጫን ቢሉት ይሰበራል። አበባው ነጭ ነው፤ ትልቅ፣ ሁለት ሰፋፊ ቅጠሎቹን ወደ ታች የዘረጋ፣ ጉሮሮው ላይ ወይን ጠጅ ቀለም የተረጨበት። ከኋላው ቀጭን ረጅም ጅራት አለው። ሲመሽ ይሸታል፤ ረጅም ምላስ ያለው የሌሊት የእሳት ራት ይመጣለታል። በጋ ሲገባ ከላይ ያለው ሁሉ ይደርቅና የሞተ ይመስላል። ሀብቱ ግን ከመሬት በታች ነው፤ እንደ ድንች ያበጠው ሥሩ እዚያ ይቆያል።

አያቴ ሥሩን ስትቆፍር ሁሉንም አታወጣም ነበር። ቡቃያ ያለበትን ራሱን ቆርጣ እዚያው ትመልሰዋለች፤ አፈርም ታለብሰዋለች። ከዚያ ታጥቦ፣ ተልጦ በሙቀጫ ይወቀጣል። የምትወቅጠው ሴት ጣት ከሙሽራዋ እጅ ቀድሞ ይቀላል። የተወቀጠው ሥር እጅና እግር ላይ፣ ከሁሉ በላይ ጥፍርና ተረከዝ ላይ ይደረጋል፤ በጉሎ ቅጠል ይጠቀለላል፤ በጨርቅ ይታሰራል፤ እንደታሰረ ይታደራል። ያን ሌሊት እንሶስላ የሞቀች ሴት ምንም አትሠራም። ሌላው ያጎርሳታል። ጠዋት ሲፈታ ደረቁ ይራገፋል፤ በሳሙና አይታጠብም፤ ቅቤ ይቀባል። ቀለሙ ጡብ ቀይ ነው፤ ሲደጋገም ወደ ጥቁር ቀይ ይሄዳል።

ይህ ለጌጥ ብቻ አልነበረም። አያቴ ጌጥ በሌለበት ጊዜም ትሞቀው ነበር። ክረምት ጭቃ ውስጥ በባዶ እግር ስትውል በጣቶቿ መሀል ይላጥና ያሳክካት ነበር፤ ተረከዟ ይሰነጠቃል። እንሶስላ ስትሞቅ ይሻላታል። የሠፈሩ ሴቶች ሁሉ ይህን ያውቁ ነበር፤ የሚያርሱ ወንዶችም እግራቸውን የሚሞቁ ነበሩ። እኔ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ ግን ፋርማሲ ትምህርት ቤት ገብቼ ነው።

እንሶስላም ሆነ ሂና ቀለማቸው ናፍቶኪኖን ከሚባለው የኬሚካል ቤተሰብ ነው። በእንሶስላ ዝርያዎች ውስጥ ላውሶንና የእሱ የቅርብ ዘመድ የሆነ ሌላ ናፍቶኪኖን ይገኛሉ። ይህ ሁለተኛው በቤተ ሙከራ ፈንገስን በደንብ ይገታል። ተክሉ እነዚህን የሚሠራው ለእኛ ጌጥ ብሎ አይደለም። እርጥብ አፈር ውስጥ፣ ፈንገስ በሞላበት ቦታ ሥር ሰድዶ ለሚኖር ተክል መከላከያ ያስፈልገዋል። ያው መከላከያ እኛ እግር ላይ ሲያርፍ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ያቀላል፤ እግር ጣት መሀል የሚበቅለውን ፈንገስም ይዋጋል። ቀለሙና መድኃኒቱ አንድ ነገር ናቸው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ይኸው ነው። አያቴ ስለ ኬሚስትሪ ያልሰማች ሴት ናት፤ ግን ቀለሙ የደመቀበት እግር ቶሎ እንደሚድን ታውቅ ነበር።

ይህን የምታውቀው የእኛ አገር ሴት ብቻ አይደለችም። ኮሪያ ውስጥ ልጃገረዶች የእንሶስላን የቅርብ ዘመድ አበባና ቅጠል አሉም ከሚባል ጨው ጋር ወቅጠው ጥፍራቸው ላይ አስረው ያድራሉ። ጠዋት ጥፍራቸው ብርቱካንማ ቀይ ይሆናል። ከእኛ ጋር ምንም ሳይገናኙ ወደዚያው የተክል ወገን ሄደዋል። ኮሪያውያን ይህን ባህላቸውን ይወዱታል፤ ያስታውሱታል። እኛ ጋ ግን ዛሬ ደሴ ከተማ የምታድግ ልጅ እንሶስላን በስሙ እንጂ በመልኩ አታውቀውም።

አሁን ደግሞ ፋርማሲስት ነኝና የተፈጥሮ የሆነ ሁሉ ጤና ነው ብዬ እንዳልታማ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። አልልም። ኮሶ ከዛፍ የሚገኝ ነው፤ ትሉን ያስወጣል፤ መጠኑ ካለፈ ግን ሰውን ይመርዛል፤ ዓይን የጎዳባቸውም አሉ። ፈንገሶችም እንደዚሁ ናቸው። ቻይናና ጃፓን ውስጥ ሩዝ ላይ የሚያበቅሉት ሞናስከስ የሚባል ሻጋታ አለ። ሩዙን ደማቅ ቀይ ያደርገዋል፤ ለምግብ ማቅለሚያ ሲሠሩበት ኖረዋል። ያው ሻጋታ ኮሌስትሮል የሚቀንስ ንጥረ ነገር ይሠራል፤ ሎቫስታቲን ተብሎ በ1987 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከተፈቀደው መድኃኒት ጋር አንድ ነው። ዛሬ ደንበኞቼ በየወሩ የሚወስዱት ሲምቫስታቲን የዚሁ የቅርብ ልጅ ነው። ግን ያው ሻጋታ ሲትሪኒን የሚባል ኩላሊት የሚጎዳ መርዝም ሊያመርት ይችላል። አንድ ሻጋታ፤ ቀለምም፣ መድኃኒትም፣ መርዝም።

ትክክለኛው ሂናም የራሱ ጥንቃቄ አለው፤ ይህን እናቶች እንዲሰሙልኝ እፈልጋለሁ። አራስ ሕፃንን ሂና አትቀቡ። ጂ6ፒዲ የሚባል ኤንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሰዎች አሉ፤ ወባ በኖረባቸው አካባቢዎች በብዛት ይታያል፤ በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። በእነዚህ ልጆች ላይ ላውሶን በስስ ቆዳ አልፎ ደም ውስጥ ሲገባ ቀይ የደም ሕዋሳትን ይሰብራል። ሕፃኑ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፤ ሽንቱ ይጠቁራል። በባሕረ ሰላጤ አገሮች ለበረከት ተብለው መላ ሰውነታቸውን ሂና ተቀብተው በዚህ የታመሙ ሕፃናት በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። እንሶስላም ያው የቀለም ቤተሰብ ስለሆነ ለሕፃን ያው ጥንቃቄ ይደረግለት። የትልቅ ሰው መዳፍና የሕፃን ሆድ አንድ ቆዳ አይደሉም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የመዋቢያ ምርት የሚቆጣጠሩ ሰዎች ይህን ካነበቡልኝ፣ ልመናዬ ትንሽ ናት። ሂና ተብሎ የሚሸጥ ማንኛውም ኮንና ዱቄት ውስጡ ያለው ነገር በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ ይጻፍበት። ፒፒዲ ያለበት ለቆዳ አይሸጥ። ሕጉ ከጉምሩክ ላይ ብቻ ተጠብቆ አይሆንም፤ አብዛኛው በሻንጣ ነው የሚገባው። ስለዚህ ሱቅ ላይም ይታይ። በየበዓሉ ዋዜማ የተበላሸ ቅቤና በርበሬ ለመያዝ የሚወጡት ባለሙያዎች የሂናውን መደርደሪያም አንድ ጊዜ ቢያዩልን ብዙ እጅ ይተርፋል።

የሳሎን ባለቤቶችን ግን መውቀስ አልፈልግም፤ አብዛኛዎቹ ራሳቸውም ተታልለው ነው። ቀቢዎቹ ከማንም በላይ ኬሚካሉን የሚነኩት እነሱ ናቸው። ጣታቸው የተላጠ፣ ጥፍራቸው ሥር የቆሰለ ቀቢዎች እኔ ጋ መጥተው ጓንት ገዝተዋል። ለእነሱ የምለው ይኸው ነው፤ ዱቄቱን ገዝታችሁ ራሳችሁ አቡክቱ። ለደንበኛዋ ደግሞ ከሠርጉ ሁለት ቀን ቀድማ እንድትመጣ ንገሯት። ብርቱካንማውን አይታ ስትደነግጥ «ነገ ተመልከቺው» በሏት። ገንዘቡ ያው ነው፤ እናንተም ከጦስ ትድናላችሁ።

ስለ እንሶስላ ደግሞ ሌላ ምኞት አለኝ። የእንዶድን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ቦታ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ በሽታ ተሸካሚ ነው። ከዚያ የተነሳው ምርምር እሳቸውንና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስን በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ ለሚባለው ዓለም አቀፍ ሽልማት አበቃቸው። እዚያ ወንዝ ዳር የነበሩት ልብስ አጣቢዎች ዕውቀቱን የያዙት ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ቆም ብለው ያዩት። እንሶስላም የሚያየው ይፈልጋል። ወሎ፣ ጎንደር፣ ጎጃም ያሉ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የኬሚስትሪ፣ የፋርማሲና የእርሻ ትምህርት ክፍል አላቸው። ሥሩ ደርቆ ቢፈጭ ቀለሙን ይጠብቃል ወይ? እንደ ሂና ዱቄት ታሽጎ ሊሸጥ ይችላል ወይ? ለእግር ፈንገስ ቅባት ለመሥራት ስንት መጠን ይበቃል፣ ቆዳን ሳያስቆጣ? የትኛው አካባቢ ያለው ይበልጥ ይደምቃል? እነዚህ ለአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆኑ ጥያቄዎች ናቸው። በአቮካዶ ወይም በጌሾ ጥላ ሥር እንሶስላ የምትተክል ሴት ደግሞ ለሠርግ ሰሞን የምትሸጠው ነገር ይኖራታል።

ይህ ከመሆኑ በፊት ግን ገበያ ላይ የሚገኘውን እርጥብ ሥር የምትገዙ ሰዎች አያቴ እንደምታደርገው ራሱን መልሳችሁ ትከሉት። ሥሩ ተቆፍሮ የሚያልቅ ተክል ነው። ጫካ ገብቶ በጅምላ መንቀል ከተጀመረ በጥቂት ዓመት ውስጥ ስሙ ብቻ ይቀራል። ሳሎን ያላችሁ ደግሞ አንድ ማድጋ አፈር፣ ጥላና ውሃ ካላችሁ በግቢያችሁ ይበቅላል። እኔ ፋርማሲዬ ጓሮ፣ ከቧንቧው ሥር ተክያለሁ። ዘንድሮ አበባ አውጥቷል። ደንበኞች ምንድን ነው ይሉኛል፤ ልጆቹ እንሶስላ መሆኑን ስነግራቸው ይገረማሉ።

አዘጋጅ ሆይ፣ ማረሚያውን ከጥር በፊት ብታወጡት ይጠቅማል፤ ከጥር በኋላ ከወጣ እጁ ተቀብቶ አልቋል። ገጽ ከጠበባችሁ የኔን ደብዳቤ አሳጥሩት፤ ፒፒዲ የሚለውን ስምና የሕፃናቱን ጉዳይ ግን አትቁረጡብኝ። አንባቢዎቻችሁ ደግሞ ተቀብተው ያሳከካቸው ካሉ፣ ወደ ሐኪም ሲሄዱ ኮኑንና ማሸጊያውን ሳይጥሉ ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ ምን እንደነካቸው የሚያውቀው ከዚያ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ፋርማሲስት፣ ከደሴ